የላይኛው ቆጣሪ

በየወሩ በሠላሳ፣ ቁርስ ሳንቀምስ፣ ቆጣሪ እናነብ ነበር። ባለቤቴ ደረጃው ሥር ካለው የቆጣሪ ሳጥን ፊት ይቆምና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቁጥሩን ይጠራል፤ እኔ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ቆጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ የምድር ቤቱ፣ የመካከለኛው ፎቅና እኛ የምንኖርበት የላይኛው። መምህር ስለነበር ቁጥር ሲጠራ ተማሪ ፊት የቆመ ያህል ድምፁ ከፍ ይላል።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍሁ።»

«እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ።»

አነብለታለሁ። ካልተሳሳትሁ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከተሳሳትሁ ደግሞ አይቆጣም፣ እንደገና ይጠራል። እኔ አንበሳሜ ተወልጄ ከስድስተኛ ክፍል ነው ወጥቼ የተዳርሁት። ከዚያ ወዲህ ያለውን ትምህርት ያገኘሁት እዚያ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁ። መጀመሪያ ቁጥር ብቻ ነበር የምጽፈው። አንድ ወር ላይ የላይኛው ቆጣሪ ያለ ወትሮው ዘለለና «ለምን ጨመረ? ሰበቡን ጻፊው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከቁጥሩ ጎን ሰበብ መጻፍ ያዝሁ። «ሰበብ፦ የልጃችን ጓደኞች ከእንፍራንዝ መጥተው አራት ቀን ሰነበቱ።» «ሰበብ፦ ባለቤቴን ጉንፋን ይዞት ውሃ ሲያሞቅ ከረመ።» «ሰበብ፦ የፈተና ወረቀት እያረመ ያመሻል፤ ተው ብለውም አይሰማኝም።» የመጨረሻውን ሲያነብ ሳቀና ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ትክክል የሚለውን ምልክት አደረገልኝ።

ወሬ እወዳለሁ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ የሚሉት ነው። እንዲህ ሆነና ያ ደብተር የመብራት ደብተር መሆኑ ቀርቶ የቤታችን ታሪክ ሆነ።

እሱ የሞተው በጥር መባቻ ነው። ልጃችን ከዚያ በፊት ለሥራ አዲስ አበባ ገብቶ፣ እዚያው አግብቶ ቀርቷል። የጥር ሠላሳ ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ነበር። ደብተሬን ይዤ ወረድሁና ሳጥኑ ፊት ቆምሁ። ያኔ ነው አንድ ሰው ሳጥኑ ፊት ቆሞ እየጠራ ደረጃው ላይ ተቀምጦ መጻፍ እንደማይችል የገባኝ። ቆሜ ጻፍሁት። ደስ አላለኝም፤ ከሰው ወረቀት የገለበጥሁ መሰለኝ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ዘዴ አመጣሁ። ሳጥኑ ፊት ቆሜ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወጥቼ እቀመጥና እጽፋለሁ፣ ተመልሼ እወርድና ቀጣዩን እጠራለሁ። የሰማኝ ሰው ለማን ትጠሪያለሽ ማለቱ አይቀርም ነበር። ደግነቱ የታችኞቹን ሁለት ደርቦች ለሥራ የተከራዩት በዚያ ሰዓት ገና አልመጡም።

የላይኛው ቆጣሪ ወረደ። በጥር ግማሽ ያህል፣ በየካቲት ደግሞ ከዚያም ዝቅ አለ። የሚያሞቀው ውሃ ቀረ፣ የሚያርምበት መብራት ቀረ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወራው ራዲዮ ቀረ። የበረንዳውንም አምፖል አጠፋሁት። ባሕር ዳር የኖረ ያውቀዋል፤ ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ መብራት ያለበት በረንዳ ላይ ይሰፍርና ጠዋት ከአምፖሉ ሥር በመጥረጊያ የሚታፈስ ክምር ትቶ ይገኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ተማርሬ የጠረግሁት ነገር አንድ ቀን መጥረጊያ ይዤ ብወጣ የለም። ወለሉ ንጹሕ ነው። መጥረጊያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ የሠራነው ባለ ሦስት ደርብ ነው። ስንሠራ የከተማው ፋሽን ሰማያዊ መስታወት ስለነበር እኛም ፊቱን ሁሉ መስታወት አለበስነው። ያማረ መሰለን። የከሰዓቱ ፀሐይ በዚያ መስታወት ሲገባ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ውስጡ ያለ ሰው ይበስላል። ምድር ቤቱን የተከራየችው ባለ ጸጉር ቤቷ አንድ ቀን ደረጃውን እየዘለለች ወጣችብኝ።

«እትዬ፣ ካስክ ሥር የገቡት ቢደርቁ እሺ፤ በር ላይ ተራ የሚጠብቁትም እየደረቁብኝ ነው!»

መካከለኛውን ፎቅ የያዘው የሂሳብ ባለሙያ ዝምተኛ ነው፤ እሱ አልተማረረም። ነገር ግን ሁለት ቬንትሌተር ሲያዞር ወረቀቱ እየበረረበት፣ ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ለቅሞ በየወረቀቱ ላይ ጭኖ አየሁት። የሁለቱም ቆጣሪ በየወሩ ይጋልባል። ኪራዩ ላይ መብራቱ ሲጨመርባቸው ሊወጡ እንደሆነ ሳይነግሩኝ ገባኝ። እነሱ ከወጡ በዚያ ሕንፃ የሚሰማው የእኔ ጫማ ብቻ ሊሆን ነው።

ስለዚህ ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ፣ በመጋቢት፣ የአንድ ዓመት ኪራዬን በሙሉ አውጥቼ ሥራ ጀመርሁ። ከመስታወቱ ገሚሱን አስነቅዬ የሚከፈት መስኮት አስገባሁ። የታችኞቹን ሁለት ደርቦችና የደረጃውን አምፖሎች ትንሽ በሚበሉት አስቀየርሁ። ጸጉር ቤቷ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስለምታፈላ፣ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ጣሪያ ላይ አሰቅዬ ቧንቧውን እስከ ምድር ቤት አወረድሁላት። ለቀረው መስታወት ደግሞ ሐይቁ ዳር ታንኳ ወደሚሠሩት ሽማግሌ ሄድሁና የደንገል መጋረጃ እንዲሠሩልኝ ለመንኋቸው። እኚያ ሙስሊም አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንገል ሲያስሩ የኖሩ ናቸው። ሕንፃውን ቀና ብለው አይተው ሳቁ።

«ልጄ፣ ውሃ ላይ እንጂ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አላውቅም። ፎቅሽ ተንሳፍፎ ቢሄድ በእኔ እንዳታመካኚ!»

«ከተንሳፈፈ እርስዎ ይቀዝፉልኛል፣ አባባ።»

ሠሩልኝ። ሙቀቱ ወዲያው በረደ። ባለ ጸጉር ቤቷ ሁለት ካስክ ጨመረች፤ የሂሳብ ባለሙያውም ድንጋዮቹን ሰብስቦ መስኮቱ ሥር ደረደራቸው።

ግብር ሲደርስ ይኸው የሂሳብ ባለሙያ መዝገቤን ይሠራልኝ ስለነበር አስቀምጦ አስረዳኝ። «ለሚከራየው ቤት ያወጡት ወጪ ከኪራይ ገቢዎ ላይ ይቀነስልዎታል፤ ግብሩ የሚሰላው በቀረው ላይ ነው። ለመኖሪያዎ ያወጡት ግን አይቀነስም። እንግዲህ ወጪው ለተከራዮቹ ለመሆኑ ማስረጃ እንፈልጋለን።»

ለልጄ ደውዬ ይህንኑ ነገርሁት። «ካልተቀበሉሽስ?» አለኝ። እጄ ላይ ምንም እንደሌለ እሱም ያውቃል። «እማዬ፣ ካልተቀበሉሽ እንሸጠዋለን። አንቺም እኛ ጋ ትመጫለሽ። እስከ መቼ ብቻሽን?»

«እሺ» አልሁት። ቃል ሰጠሁት። እሱ ቤት ከአርባው በኋላ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ነበር። ክፉ አልነበሩም፣ እንዲያውም ከልክ ያለፈ ደግ ነበሩ። የምገባበትን ክፍል መብራት ቀድመው ያበሩልኛል፤ ስወጣ ያጠፉልኛል። ማብሪያውን እኔ አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም። ቤቴ ከተሸጠ ዕድሜዬን እንደዚያ ሆኜ መጨረሴ ነው። ግብር ቢሮ ስሄድ ይዤ የሄድሁት ፍርሃት ይህ ነበር።

ለማስረጃ ደብተሬን ለሂሳብ ባለሙያው ሰጠሁት። ባለሙያው ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ «የአሁኑን ፍጆታ ከየትኛው ዓመት ጋር ላወዳድረው?» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ዓመት ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ባለቤቴ በሕይወት የነበረበትን የመጨረሻውን ዓመት ሰጠሁት። ለምን ብትሉኝ፣ ያ ዓመት በኮምፒዩተር ተጽፎ፣ በነጭ ወረቀት፣ ማኅተም አርፎበት ላየው ፈለግሁ። እሱ የጠራቸው ቁጥሮች ናቸውና። ባለሙያው ለምን ያን ዓመት እንደመረጥሁ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርሁትም። ሲታተም ወረቀቱ ላይ ጠቅላላው ፍጆታ በጣም ወርዶ ይታያል። ሁለታችንም ደስ አለን።

ግብር ቢሮ ያገኘነው ሰውዬ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ራሰ በራ፣ በጎልማሳነትና በሽምግልና መካከል ያለ ሰው ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከኋላችን ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል።

«እናቴ፣ ከሁሉ የበለጠ የወረደው የላይኛው ፎቅ ነው። የታችኞቹ ትንሽ ነው የቀነሱት። የላይኛው ምንድን ነው?»

«መኖሪያዬ ነው።»

«የውሃ ማሞቂያው የተሰቀለው የት ነው?»

«ጣሪያው ላይ።»

«ከማን በላይ?»

«ከእኔ በላይ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲህ በወረቀትዎ መሠረት በዚህ ሁሉ ወጪ የተጠቀሙት እርስዎ ነዎት። ይህ የመኖሪያ ቤት ወጪ ነው፤ አይቀነስም።»

ባለሙያው ስለ ጸጉር ቤቷ ለማስረዳት ጀመረ፤ ያኔ አንድ ካስክ ብቻ እንደነበራት፣ አሁን ሦስት እንዳላት። ሰውዬው «ልክ ነው፤ የላይኛው ግን ለምን ወረደ?» አለው። ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። የሰጠሁት ዓመት ባለቤቴ የነበረበት መሆኑን ስላልነገርሁት እሱ መልሱን አያውቀውም። የማውቀው እኔ ነኝ።

ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ወሬ እንደምወድ ነግሬያችኋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ማንም ባይሰማኝ ምን አለበት አልሁ። ጥርን ፈልጌ አገኘሁትና አነበብሁ።

«ጥር። የላይኛው፣ በግማሽ ወረደ። ሰበብ፦ አንድ ሰው ሆንሁ።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ሰውዬው።

«ባለቤቴ ሞተ ማለት ነው። የካቲት። ሰበብ፦ የበረንዳውን አምፖል አጠፋሁ፤ የሚመጣ ሰው የለም። መጋቢት። ሰበብ፦ ራዲዮኑን ነቀልሁት። ሚያዝያ። ሰበብ፦ የልጄን ክፍል፣ የመጻሕፍቱን ክፍልና ሳሎኑን ዘጋሁ። ግንቦት። ያው ነው። ሰኔ። ያው ነው።»

«ኧረ እማማ፣ ቀስ ብለው ያንብቡ» አለች ከኋላዬ አንዲት ሴት። ቅድም ቶሎ በሉ፣ እኛም ቤት አለን ስትል የነበረችው እሷ ናት።

ወደሚቀጥለው ዓመት ገለጥሁ። «ይኸው ሥራው የተጀመረበት መጋቢት። የታችኞቹ ከዚህ ጀምሮ ሲወርዱ ይዩዋቸው። የእኔ አልተነቃነቀም። ከዚያ በታች የሚወርድበት አልነበረውም።»

ሰውዬው ደብተሩን ወስዶ ራሱ ገለጠው። ባለቤቴ በቀይ ምልክት ያደረገበት ገጽ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዘጋና፣ «መጥቼ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ሐሙስ ጠዋት» አለኝ።

አሁን የምነግራችሁን ለልጄም አልነገርሁትም። ረቡዕ ዕለት ክፍሎቹን ከፍቼ ለማናፈስ ገባሁ። የልጄ አልጋ ባዶ ፍራሽ ነው። የመጻሕፍቱ ክፍል ወንበሩ ተገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ነው። ነገ እንግዳ መጥቶ ይህን ሊያይ ነው። አፈርሁ። የምከራከረው ብቻዬን ነኝ ብዬ መሆኑን ረሳሁት እንጂ ምን ልበል፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይሰናዳል፣ ሌላ አላውቅም። የልጄን አልጋ በንጹሕ አንሶላ አነጠፍሁ። የባለቤቴን ጃኬት ከሳጥን አውጥቼ ከበሩ ጀርባ ሰቀልሁት። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አራት ብርጭቆ ደረደርሁ።

ሐሙስ ሰውዬው ሜትሩን ይዞ መጣ። ምድር ቤቱን ለካ፣ መካከለኛውን ለካ፣ የቧንቧውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ከጣሪያ እስከ ጸጉር ቤቱ ድረስ ወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ወጣ። የልጄን ክፍል ከፈተና አልጋውን አየ። ጃኬቱን አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«እናቴ፣ እዚህ ማን ነው የሚተኛው?»

«ማንም።»

«አልጋው ተነጥፏል እኮ።»

«ለእርስዎ ነው ያነጠፍሁት።» እንዲህ ካልሁ በኋላ ፊቴ እንደ እሳት ሲነድ ተሰማኝ። «ማለቴ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ። ጃኬቱም የባለቤቴ ነው። ባዶውን እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም።»

ማብሪያውን ጫን አደረገው። አልበራም። ቀና ብሎ አየ፤ አምፖል የለበትም። ወደ መጻሕፍቱ ክፍል ሄደ፤ አምፖል የለም። ሳሎን፤ የለም። አንድ ሲቃጠልብኝ ከማልገባበት ክፍል እየነቀልሁ የምገባበት ላይ ስተክል ነው የኖርሁት። ጠረጴዛው ላይ ካሉት አራት ብርጭቆዎች አንዱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«በዚህ ሥራ ብዙ ዓመቴ ነው» አለ። «ሰው የሞላ ቤቱን ባዶ አስመስሎ ያሳየኛል። ባዶውን ሞልቶ ያሳየኝ ሰው ግን እርስዎ ነዎት የመጀመሪያዋ።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። እንጀራ ላቅርብ ብለው በሥራ ላይ አልችልም አለኝ፤ ውሃ ብቻ ጠጣ።

ሲወርድ ከቆጣሪ ሳጥኑ ፊት ቆመ። «የዛሬውን ንባብ ከደብተርዎ ጋር ላመሳክር። እኔ ልጥራ፣ እርስዎ ይጻፉ።»

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥሁ። መነጽር አልነበረውም፤ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ የምድር ቤቱን ጠራ። ጻፍሁ። የመካከለኛውን ጠራ። ጻፍሁ። የላይኛውን ጠራ።

«ጻፉ?»

«አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።»

ሰምቼው ነበር። ደገመልኝ።

«ጻፍሁ» አልሁት።

ውሳኔው በሁለተኛው ሳምንት ወጣ። የታችኞቹ ሁለት ደርቦች ወጪ ተቀባይነት አገኘ፤ ማሞቂያውም፣ መስኮቱም፣ አምፖሎቹም። የደንገሉ መጋረጃ ብቻ ወደቀ፤ ታንኳ ሠሪው ደረሰኝ ከየት ያመጣሉ። የቀረው ግብር የምችለው ነበር። ባለ ጸጉር ቤቷ ከነማበጠሪያዋ ወጥታ በእልልታ ሰፈሩን አናወጠችው። የሂሳብ ባለሙያው ወረቀቱን ሲሰጠኝ ሁሉንም አነበብሁት። ከመጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «መኖሪያ፦ አንድ ክፍል። ነዋሪ፦ አንድ።» በነጭ ወረቀት፣ ማኅተም አርፎበት።

ለልጄ ደወልሁ። «እንኳን ደስ ያለሽ!» አለ፤ ከልቡ ነው። ከወዲያ በኩል ልጁ አባዬ ሲለው ይሰማኛል።

«እንግዲህ አትመጪም ማለት ነው» አለኝ።

«ቤቱ አልተሸጠማ።»

«እሺ እማዬ።»

ከዚያ ወዲህ ና አልሁት እንጂ ነይ አላለኝም። ይመጣል፤ ሥራ ሲቀልለት። ብቻዬን መሆኔን ቢሮ ሞልቶ በነበረ ሰው ፊት አስረድቼ፣ አሳምኜ፣ ብቻዬን የምኖርበትን ቤት አተረፍሁ። ደስ አላለኝም ብል ግን ውሸት ነው። ወረቀቱን ከደብተሩ መሐል አስቀመጥሁት።

ያን ሰሞን አንድ አምፖል ገዝቼ በረንዳው ላይ ተከልሁ። ሲመሽ አበራዋለሁ፤ የሚጠበቅ ሰው ኖሮ አይደለም። ጠዋት ስወጣ ከሥሩ ትንኙ ተከምሮ አገኘዋለሁ። እየተማረርሁ እጠርገዋለሁ።

በወሩ በሠላሳ፣ ቁርስ ሳልቀምስ፣ ደብተሬን ይዤ ወረድሁ። የምድር ቤቱን ጠራሁ፣ ወጥቼ ጻፍሁ። የመካከለኛውን ጠራሁ፣ ወጥቼ ጻፍሁ። የላይኛው ትንሽ ከፍ ብሏል። ጮክ ብዬ ጠራሁት፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥሁና ጻፍሁት። ከጎኑም፦ «ሰበብ፦ የበረንዳው አምፖል።» መልሼም አነበብሁት።